ሴዛር ኩዊልያሽና የተቆለፈው የማገዶ መንገድ

መኪናዋ ኮረብታውን እያቃሰተች ስትወጣ ሴዛር ኩዊልያሽ ከድንጋዩ አጥር ጀርባ ጎንበስ ብሎ ያያት ነበር። ግራጫ ናት። ከኋላ መስኮት የላትም። መስኮት የሌላት መኪና ምን ተሸክማ ነው ወደዚህ የምትመጣው? ዳቦ ሻጩ የሚመጣው ማክሰኞ ነው። ፖስተኛው በብስክሌት ነው። ሐኪም ደግሞ አልተጠራም። ነገሩ ምንም አላማረውም።

"ኤስተር!" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "አንቺ ኤስተር! በሩን ዝጊው።"

ኤስተር እኅቱ ናት። ባሏ ባሕር ላይ ከቀረ ወዲህ እሱ ዘንድ ነው የምትኖረው። እጇ ሊጥ እንደነካ ብቅ አለች።

"ለምን እዘጋለሁ? ሌባ መጣ እንዴ?"

"የሱ ሰዎች ናቸው።"

"የማን?"

"የማን ትያለሽ ደግሞ! የሰንሰለቱ ሰውዬ ነዋ።"

የሰንሰለቱ ሰውዬ የሚለው ባለፈው ዓመት የላይኛውን እርሻ የገዛውን እንግሊዛዊ፣ ሚስተር ብሬስዌልን ነው። ሰውየው ክፉ ነው አይባልም፤ መንገድ ላይ ሲያገኝህ ባርኔጣውን ያነሳል። ግን በኅዳር መግቢያ የእርሻውን በር በሰንሰለት አስሮ ቆለፈው። በዚያ በር የሚያልፈው መንገድ ደግሞ የኩዊልያሽ ቤት ሰዎች ከተራራው ማገዶ የሚያወርዱበት ነው። ማገዶው እንጨት አይደለም፤ በዚያ ነፋስ ምን ዛፍ ይበቅላል? ከረግረጉ በአካፋ ተቆርጦ፣ እንደ ኩበት ተደርድሮ የሚደርቅ ጥቁር አፈር ነው። የሴዛር ምድጃ በእሱ ነው የሚነደው። እሳቱም አያቱ ከለኮሰው ወዲህ ጠፍቶ አያውቅም። ማታ በአመድ ይዳፈናል፣ ጠዋት ይገለጣል። አያትየው ሞተ፣ አባትየው ሞተ፣ እናትየውም ሞተች፣ እሳቱ ግን እንዳለ ነበር።

አሁን ከቤቱ ጎን ያለው የማገዶ ክምር ጉልበት እንኳ አይደርስም። ይኸው ግንቦት ገባ፣ የመቁረጫው ጊዜ ደረሰ፣ በሩ ግን እንደተቆለፈ ነው።

ነገሩ ዳኛ ፊት ሄዶ ለሰኔ መጨረሻ ተቀጥሯል። ጠበቃው እንዲህ ብሎታል፤ "ሚስተር ኩዊልያሽ፣ ዳኛው የሚፈልገው አንድ ነገር ነው። በመንገዱ የሄዳችሁት በመብታችሁ ነው ወይስ ተፈቅዶላችሁ? አባትዎ ለመንገዱ ብለው ለላይኛው ቤት አንድ ነገር ከፍለው ከሆነ፣ እንቁላልም ይሁን ዶሮ፣ አበቃ። ፈቃድ ገዝተዋል ማለት ነው።"

"አባቴ የከፈለው ነገር የለም" አለ ሴዛር። ይህን ሲል ግን ጆሮው ጋለ። ቅርጫቱን ያስታውሳላ።

በየዓመቱ የሄሪንግ ዓሣ ወቅት ሲያልቅ አባቱ ጀም አንድ ቅርጫት ዓሣ በጨው አሽቶ፣ ላዩን በቅጠል ሸፍኖ ወደ ላይኛው እርሻ ይወጣ ነበር። በዚያው መንገድ፣ በዚያው በር። ሴዛር በልጅነቱ አብሮት ሄዷል። "አባባ፣ ዓሣው ለምንድን ነው?" ብሎም ጠይቆ ነበር። አባቱ ፊቱ ቲማቲም መስሎ "ዝም ብለህ ሂድ" አለው።

እንግዲህ ሰው ፊቱ የሚቀላው ለምንድን ነው? ጀም ኩዊልያሽ በሜቶዲስት ጸሎት ቤት የሚሰብክ፣ የማይጠጣ፣ የማይምል ሰው ነበር። ሴዛር የብርዱን ክረምት በሙሉ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ የሞተ አባቱን ሲጠረጥር ከረመ። ከፍሎ ይሆን? ከፍሎ አፍሮ ይሆን የደበቀን? ይህን ለማንም አልተናገረም። ኤስተር ግን ቅርጫቱን ታስታውስ እንደሆነ ብሎ አንዳንዴ በጎን ያያታል።

መኪናዋ በሩ ላይ ቆመችና ሁለት ሰዎች ወረዱ። አንደኛው ቀጭን ነው፣ የመነጽሩ እግር በሽቦ የታሰረ፤ ሁለተኛው ወፍራምና ፈገግታው የማይጠፋ። ቀጭኑ ቆቡን አውልቆ በደሴቲቱ የድሮ ቋንቋ፣ በማንክስ፣ እንደምን አደሩ አለ።

ሴዛር ደነገጠ። እናቱ ከሞተች ወዲህ በዚህ ግቢ በማንክስ ሰላም ያለው ሰው የለም። ከኤስተር ጋር እንኳ የሚያወሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ ማንክስ ለውሻውና ለላሟ ነው የቀረው። የሰውየው ቃል ልክ ነው፣ ዜማው ግን እንደ አዲስ ጫማ ይጮሃል። ይህን ማን አስተማረው? ለምንስ ተማረው?

"ማንን ፈልጋችሁ ነው?" አለ ሴዛር በእንግሊዝኛ።

"ሚስተር ሴዛር ኩዊልያሽን።"

"የለም።"

"ታዲያ አንተ ማነህ?" አለች ኤስተር ከበሩ። "ግቡ ልጆቼ፣ ግቡ። እሱ እንደሆነ እንግዳ ሲያይ ከቤቱ ይጠፋል።"

ቀጭኑ ሲሪል ኮስቴይን፣ ወፍራሙ ኦሪ ክሬብን እንደሚባሉ ተናገሩ። ከዋና ከተማው ከዳግላስ ነው የመጡት። ሲሪል ጫማ ቤት ይሠራል፣ ኦሪ ሬዲዮ ይጠግናል። የድሮ ሰዎች በማንክስ ሲያወሩ ድምፃቸውን ይቀዳሉ፤ እንዴት ያርሱ እንደነበር፣ እንዴት ያጠምዱ፣ ምን ይበሉ እንደነበር።

"ለምን?" አለ ሴዛር።

"እንዳይጠፋ ነው፣ ሚስተር ኩዊልያሽ። ሰዎቹ ሳያልቁ..." ሲሪል ምላሱን ነከሰ።

"አሃ። እኔ ላልቅ ነዋ።"

"እንደሱ ማለቴ..."

"ማነው የሚከፍላችሁ?"

"ማንም። ከኪሳችን ነው፤ የእረፍት ቀናችን ስለሆነ።"

ሴዛር ይህን አላመነም። በእረፍት ቀኑ በነፃ ዳገት የሚወጣ ሰው አይቶ አያውቅም። "ማን ላካችሁ ታዲያ? ቤቴን ማን አሳያችሁ?"

"ፒል ያሉት አሮጊት፣ ሩት ክሉካስ።"

ሴዛር ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ የገባው መሰለው። ሩት ክሉካስ የላይኛው እርሻ ባለቤት ነበረች። ባሏ ሲሞት እርሻውን ለእንግሊዛዊው ሸጣ ፒል ከተማ ልጇ ዘንድ ገባች። ከሸጠች ጀምሮ ሴዛር ስሟን አይጠራም። ዕቃዋን ጭና ስትወርድ እንኳ የገዛ ላሙን እንደሚፈልግ መስሎ ጀርባውን ሰጥቷታል። እና አሁን እሷ ናት ሰዎቹን የላከችው፤ በእንግሊዛዊው ጉዳይ መሆን አለበት እንጂ በሌላ በምን?

ኦሪ ይሄኔ ሲጋራ ከኪሱ አወጣ። ከንፈሩ ላይ ሰክቶ ኪሱን ዳበሰና ወደ ምድጃው ጎንበስ አለ። "እማማ፣ አንድ ፍም ትሰጪኛለሽ? መኪናዋ ዘንድ ሄጄ ባጨስ ይሻላል፣ ቤቱን አላጥነው።"

ኤስተር ሊጡን ጥላ ሁለት እጇን ዘርግታ መሐል ገባች። "እሳት? ዛሬ? በግንቦት መባቻ?"

ቀኑ የግንቦት መባቻ ነበር። ደጃፉ ላይ ቢጫ አበባ ተበትኗል፤ ከበሩ በላይ ቢላ ሳይነካው በእጅ ተሰብሮ በበግ ጠጉር የታሰረ የእንጨት መስቀል ተሰክቷል። በዚያ ቀን ከቤት ምንም አይወጣም። እሳት አይወጣም፣ ጨው አይወጣም፣ ወተት አይወጣም። ከቤት ነገር ሊወስድ የሚመጣ የዓመቱን በረከት ይዞ ሊሄድ የመጣ ነው ይባላል። እሳት የጠየቀማ አይነሳ!

ኦሪ ሲጋራውን ከአፉ ነጥቆ ኪሱ ከተተ። ፊቱ ሲጋራው ሳይለኮስ ነደደ። "ይቅርታ እማማ! ስለዚሁ ነገር ስንት ሰው ቀድቻለሁ፣ ራሴ ረሳሁት።"

"ሰው እየጠየቅህ አንተ አትሰማም?" አለችው። "ውጪ ማጨስ ነው? ከዚህ ቤት ፍም ይዘህ? ላሟ እንድትነጥፍ ነው?"

"አያቴ ብትኖር በጥፊ ነበር የምትለኝ።"

"እኔስ ምን የምልህ መሰለህ?" ግን ሳቋ መጣባት። "ተቀመጡ። ሻይና የቦናግ ዳቦ እዚሁ ብሉ። ሆዳችሁ ውስጥ ይዛችሁት ከወጣችሁማ ምን እናደርጋለን።"

እንዲህ ሆኖ ሰዎቹ ተቀመጡ፤ ያስቀመጣቸው ሴዛር አይደለም፣ ኤስተር ናት። የማንክስ ሰው በዚህ ቀን እሳት አይጠይቅም ብሎ እሱ ሌላ ጥርጣሬ ጨመረ።

ኦሪ ከመኪናው ባትሪ ሽቦ እየጎተተ በመስኮቱ አስገባና ሻንጣ የመሰለ ነገር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከፈተው። ውስጡ ሁለት ክብ ነገሮች አሉ፣ በመሐላቸው ቡናማ ሪባን ይሄዳል። ሴዛር ከወንበሩ ሳይነሳ ወደ ኋላ ሸሸ።

ሴዛር ማሽን የሚጠላው በከንቱ አይደለም። ትንሽ ልጅ ሳለ አንድ ጨዋ መሳይ ሰው ባለሦስት እግር ካሜራ ይዞ መጥቶ ነበር። እናቱ በሩ ላይ ቆማ፣ ጆንያ አሸርጣ፣ ለአሳማው ድንች ልጣጭ ይዛ ነበር። "ለማስታወሻ ነው" አላቸው። በሚቀጥለው በጋ ፎቶግራፉ ፖስት ካርድ ሆኖ ዳግላስ የባሕር ዳርቻ ላይ ተሸጠ። "የድሮ ማንክስ ጎጆ" ይላል ከሥሩ። ጎብኚዎች እየተቀባበሉ ሳቁበት። የጸሎት ቤቱ ሴቶች ገዝተው ለእናቱ አመጡላት፣ ደስ የሚላት መስሏቸው። እናቱ ካርዱን ምድጃው ውስጥ ጨመረችው። ከዚያ በኋላ እስክትሞት እንግዳ ሲመጣ ቶሎ ብላ ሽርጧን ትፈታ ነበር።

"ድምፁ የት ይሄዳል?" አለ ሴዛር።

"እዚሁ ሪባን ላይ ነው የሚቀረው።"

"ሪባኑስ የት ይሄዳል?"

"እኛ ዘንድ። ዳግላስ።"

"ዳግላስ" አለ ሴዛር፣ ስሙ የኮመጠጠው ይመስል።

ሲሪል ጉሮሮውን ጠረገ። ማሽኑ ዞረ። በማንክስ ጠየቀ፤ "ሚስተር ኩዊልያሽ፣ በልጅነትዎ ማገዶ ከየት ነበር የምታመጡት?"

ሴዛር በእንግሊዝኛ መለሰ። "ማገዶ አናመጣም ነበር።"

"እንዴት? ከተራራው አፈር አትቆርጡም ነበር?"

"ጭራሮ ነበር የምናነደው።"

የሲሪል ዓይን ወደ ምድጃው ሄደ። ጥቁሩ አፈር እንደ ጡብ ተደርድሮ ቀስ ብሎ ይጨሳል። ኤስተር ሻዩን ስትቀዳ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

"ይሄ ጭራሮ ነው?" አለ ኦሪ።

"የጎረቤት ነው።"

"ሴዛር!" አለች ኤስተር። "በቅርብ ያለችው ጎረቤት ላሟ ናት!"

ሲሪል አልተቆጣም፤ ግን በየትኛው መንገድ ታወርዱ ነበር ብሎ ደገመ። መንገድ! እዚህ ላይ ሴዛር እርግጠኛ ሆነ። ጠበቃ ነው እንዲህ የሚጠይቀው። መንገዱን አንዴ ከተናገረ ቀጥሎ ማን ፈቀደልህ ይሉታል፣ ከዚያ ምን ከፈላችሁ ይሉታል። ትንሽ እንደማያስታውስ፣ ትንሽ እንዳረጀ መስሎ ጆሮውን አከከ። ሲሪል መነጽሩን አስተካክሎ ሌላ ጥያቄ አመጣ።

"እሺ መንገዱን እንተወው። ስለ ዓሣው ይንገሩን። አባትዎ በየዓመቱ ወደ ላይኛው እርሻ የሚወስዱት የሄሪንግ ቅርጫት..."

ሴዛር ከወንበሩ ተነሳ። የሻይ ስኒው ተገለበጠ።

"ዝጋው! ይሄን ነገር ዝጋው! ስለ ቅርጫቱ ማን ነገራችሁ?"

"ሩት ክሉካስ ናት፣ እሷ..."

"እዚህ ውስጥ አስገብታለች? በዚህ ሪባን?"

"አዎ። ባለፈው ክረምት ቀድተናታል።"

ሴዛር ቆሞ ቀረ። እንግዲህ አለቀ። ክረምቱን ሙሉ የደበቀው፣ ከጠበቃው የደበቀው፣ ከእኅቱ የደበቀው ነገር በአንዲት አሮጊት አፍ ተነግሮ ዳግላስ ተቀምጧል። ሚስተር ብሬስዌልም ሰምቶታል ማለት ነው። ዓይኑ ወደ ምድጃው ሄደ። ኤስተር እንደ ልማዷ ፍሙን በመቆስቆሻው ገፋ አደረገችው።

"እንስማው" አለ ሴዛር። ድምፁ ቀጥኖ ነበር። "ያለችውን በጆሮዬ ልስማው።"

ሪባኑ መኪናው ውስጥ ነበር፤ አንዱ አሮጌ ሰው የሌላውን ሲሰማ አፉ ስለሚፈታ ብለው ይዘውት ይዞራሉ። ኦሪ አምጥቶ ገጠመው። መጀመሪያ እንደ ዝናብ ሹክሹክ አለ። ከዚያ አንዲት ሴት ሳለችና በማንክስ ቋንቋ፣ በዚህ ኮረብታ ዜማ፣ ያለ ምንም ድካም ማውራት ጀመረች። ኤስተር እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሩት ወጥ ቤቱ ውስጥ ተቀምጣ ያለች ነበር የሚመስለው።

"ሰባኪው ጀም!" ትላለች ሩት። "አይ ጀም! በየዓመቱ አንድ ቅርጫት ዓሣ ያመጣልን ነበር።"

"ለምን ነበር የሚያመጣው?" ይላል የሲሪል ድምፅ ከሪባኑ ውስጥ።

ሴዛር የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ።

"ለኮርማችን ነዋ!" ሩት ሳቀች። "አንዲት ላም ናት ያለችው፣ ኮርማ የለውም። ጊዜዋ ሲደርስ ወደ እኛ ኮርማ ይነዳታል። አማቴ 'ተወው ጀም፣ ኮርማው ራሱ ደስ ብሎት ነው የሠራው' ይለዋል። ጀም በነፃ አይወድማ! ግን ለኮርማው ነው ብሎ መናገር ያፍራል፣ ሰባኪ አይደል? ቅርጫቱን ያስቀምጥና መሬት መሬት እያየ 'ይሄ እንኳን ለዚያ... ለእንስሳው ጉዳይ ነው' ይላል። እኔ ያኔ አዲስ ሙሽራ ነኝ፣ ጓዳ ገብቼ ትራስ እነክሳለሁ!"

"በየት በኩል ነበር የሚመጣው?"

"በማገዶው መንገድ ነዋ፣ በነሱ መንገድ። አማቴ ያን በር እንዳትዘጉ ይል ነበር፤ አጥሩን እኛ ነን በሰው መንገድ ላይ የሠራነው ይል ነበር። ደግ ሰው ነበር። እና ያ ኮርማ፣ ስሙ..."

ኦሪ አጠፋው።

መጀመሪያ የሳቀችው ኤስተር ናት። ሳቋ እንባ ሆነ፣ በሽርጧ ጠረገችው። "ለእንስሳው ጉዳይ! ኧረ አባባ! ለዚህ ነው እንዴ እኔን አንድም ቀን ያልወሰደኝ? ሴት ልጅ አትምጣ ይል ነበር፣ እኔ ደግሞ ዳገቱ እንዳይከብደኝ ያዘነልኝ መስሎኝ!"

"ቅርጫቱን ታስታውሺዋለሽ?" አለ ሴዛር።

"ለምን አላስታውስም?"

"ክረምቱን ሙሉ አንድ ቃል ሳትናገሪኝ?"

"አንተስ መቼ ጠየቅኸኝ?"

ሴዛር ተቀመጠ። ያ የቀላ ፊት፣ ያ "ዝም ብለህ ሂድ"። ለካ አባቱ መንገድ አልገዛም፣ ፈቃድም አልለመነም። ልጁ ፊት ስለ ኮርማና ስለ ላም ማውራት አፍሮ ነው። ይህን ሰው ነው እንግዲህ ስድስት ወር ሙሉ ሲጠረጥረው የከረመው።

"እስቲ ድገመው" አለ ኦሪን። "ለእንስሳው ጉዳይ ያለችበትን።"

ደገመለት። ሁለተኛው ላይ ሴዛርም ሳቀ፤ አጭር ሳቅ ነው፣ ሳል ይመስላል። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ሐሳቡ ተመልሶ ዳኛው ዘንድ ሄደ።

"ይህን ሪባን ሰኔ መጨረሻ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ለዳኛው ታሰሙታላችሁ።" ነገሩን ሁሉ፣ ሰንሰለቱንም ቀጠሮውንም፣ ነገራቸው።

ሲሪል መነጽሩን አውልቆ ሸሚዙ ላይ ወለወለ። "አንችልም፣ ሚስተር ኩዊልያሽ።"

"አንችልም?"

"የሰው ድምፅ ይዘን ፍርድ ቤት ከገባን ነገ የትኛው አሮጌ ሰው በር ይከፍትልናል? ሰው ያመነን ሻይ እየጠጣ ስላወራ ነው። ሩትም ለዚህ ብላ አይደለም የነገረችን።"

"ለኔ ነው እምቢ የምትለው?"

"ለማንም።"

"ሚስተር ብሬስዌል መጥቶ ገንዘብ ቢሰጥህስ?"

"እሱ ማን እንደሆነም አሁን ነው የሰማሁት። ለሱም አላሰማም።"

ሴዛር ሰውየውን ትኩር ብሎ አየው። ከጠዋት ጀምሮ ሰውየው የተናገረውን ሁሉ አላመነውም ነበር፤ ይህችን ግን አመነ። ለእሱ እሺ ብሎ ቢሆን ለሌላውም እሺ ባለ ነበር። እምቢታው ነው ያሳመነው።

"ሩት እኮ አልሞተችም" አለ ሲሪል ቀስ ብሎ። "ለምን ራሷን አይጠይቋትም?"

 ኤስተር ወንድሟን በጎን አየችው። "እሱ? ስትሄድ ላም ፍለጋ ወጥቶ የለም እንዴ። ላሟ እዚሁ በሩ ላይ ቆማ!"

ሴዛር ወንበሩን ወደ ማሽኑ አስጠጋ። "አዙረው" አለ፣ በማንክስ።

ከዚያ በኋላ ያወራው ለሲሪል አልነበረም ማለት ይቻላል። መንገዱን ከቤቱ ደጃፍ ጀምሮ ይዞት ወጣ። የትኛው ድንጋይ ላይ ጋሪው ይዘል እንደነበር፣ የትኛው ምንጭ ዘንድ ፈረሱ ካልጠጣ አልሄድም እንደሚል፣ ያ በር ዘንድ አባቱ ቆሞ ላብ ጠርጎ አንድ መዝሙር እንደሚያወጣ፣ ከላይ ረግረጉ ላይ እናቱ ጫማዋን አውልቃ የተቆረጠውን አፈር ነፋስ እንዲያገኘው ሦስት ሦስቱን አስደግፋ ስታቆመው እግሯ እንዴት እንደሚጠቁር። ዝናብ የያዛቸው ዓመት ማገዶው አልደርቅ ብሎ ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ከእሳታቸው አጠገብ እንዴት እንዳመሸ። ኤስተር አንዳንድ ቦታ ላይ "አይደለም፣ እሱ በሌላው ዓመት ነው" እያለች ትገባለች፤ እሷም በማንክስ ነው፣ ሳታውቀው። ኦሪ ሪባን ሲቀይር እንኳ ሴዛር አላቆመም፤ ያቺ የወሬ ቁራጭ ሳትቀዳ አለፈች።

ሲጨርስ ሲሪል እጁን ዘርግቶ ጨበጠው። ኦሪ ሽቦውን ጠቀለለ፣ ሻንጣውን ዘጋ፣ አዲሶቹን ሪባኖች ብብቱ ሥር ከተተና ወደ በሩ ሄደ።

ሴዛር በሩ ላይ ቆሟል።

"እሱ አይወጣም።"

"ምኑ?"

"ሪባኑ። ዛሬ ከዚህ ቤት ምንም አይወጣም። እሳት አይወጣም ተብሎ፣ የአባቴና የእናቴ ነገር ሁሉ ይወጣል?"

ኦሪ ሳቀ። ሴዛር አልሳቀም። ኦሪም ሳቁን ዋጠ።

"ነገ ኑና ውሰዱት" አለ ሴዛር። "ይዛችሁ የመጣችሁትን ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚህ የተሠራው ግን ያድራል።"

አሁን ደግሞ የመጠርጠሩ ተራ የሲሪል ሆነ። ፖስት ካርዱ ምድጃ መግባቱን ኤስተር ሻይ ስትቀዳ ነግራቸዋለች። ሪባን ደግሞ ከወረቀት ይልቅ ቶሎ ይነድዳል። ሲሪል እሳቱን አየ፣ ሰውየውን አየ፣ ከበሩ በላይ ያለውን መስቀል አየ። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ንግግር ቀድቶ አያውቅም።

"ከምድጃው ራቅ አድርገው ያስቀምጡልኝ" አለ በመጨረሻ።

"የት እንደማስቀምጥ ታስተምረኛለህ?" አለ ሴዛር፤ ግን ኤስተር ሪባኖቹን ተቀብላ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ከመጽሐፍ ቅዱሱ አጠገብ አደረገቻቸው። መኪናዋ ስትወርድ ሲሪል አንገቱን አዙሮ የጭስ ማውጫውን ያይ ነበር።

በነጋታው ሲመለሱ ሴዛርን ያገኙት ታች መንገዱ ዳር ነው። የእሑድ ኮቱን ለብሷል፣ ጢሙን ተላጭቷል፣ ቅርጫት ይዟል። ሪባኖቹ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልለው ቅርጫቱ ውስጥ አሉ፤ ከሥራቸው ከበርሜሉ የወጣ የጨው ዓሣ አለ። ኦሪ ያ ሪባን እስከ ዛሬ ዓሣ ይሸታል ይላል።

"ፒል ታደርሱኛላችሁ" አለ ሴዛር፣ መልስ ሳይጠብቅ ገብቶ ተቀመጠ።

ሩት ክሉካስ በልጇ ቤት መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ሴዛርን ስታይ አልተነሳችም፣ ሰላምም አላለችም። ዓይኗ ወደ ቅርጫቱ ሄደ።

"ላሟን አገኘሃት?" አለችው በማንክስ።

ሴዛር ቆቡን በእጁ አሽከረከረ። "አገኘኋት።" ቅርጫቱን እግሯ ሥር አስቀመጠ። "ይሄ... ይሄ ለእንስሳው ጉዳይ ነው።"

ሩት ትራስ አልነበራትም፤ የሻሏን ጫፍ ነከሰች።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ሩት ዳኛው ፊት ቀረበች። ልጇ ክንዷን ይዛት ገባች፣ ኮርማው ላይ ስትደርስ ፍርድ ቤቱ ሁሉ ሳቀ፣ ዳኛውም መሐረብ አወጣ። እርሻውን የሸጠችው እሷ ናትና ስለ በሩ የተናገረችውን የሚስተር ብሬስዌል ጠበቃ ሊያፈርሰው አልቻለም፤ ዳኛውም መንገዱ የኩዊልያሽ ቤት መብት ነው ብሎ ፈረደ። ሚስተር ብሬስዌል ሰንሰለቱን በእጁ ፈታ፤ ይህን ማንም አላዘዘውም ነበር። በማግሥቱ ሴዛርን መንገድ ላይ ሲያገኘው እንደ ልማዱ ባርኔጣውን አነሳ። ሴዛር ምን ፈልጎ ነው ብሎ እስከ ማታ ሲያስብ ዋለ።

በዚያ ዓመት ማገዶው ዘግይቶ ተቆረጠ፣ ግን ደረቀ። እሳቱ አልጠፋም። ሲሪልና ኦሪም ደጋግመው መጡ፤ ሴዛር በመጡ ቁጥር ማሽኑ ሳይዞር በፊት "ድምፄን ዳግላስ ዳርቻ ላይ አልሸጣችሁትም?" ይላል። አልሸጥንም ይሉታል። በደንብ ያያቸዋል፣ ከዚያ ያወራል።

ማገዶ ጭኖ ከተራራው ሲወርድ ደግሞ በሩ ዘንድ ሁልጊዜ ይቆማል። በሩ ክፍት ነው። እሱ ግን ጋሪውን አቁሞ፣ ሰንሰለቱ ታስሮበት የነበረውን ምሰሶ ዙሪያውን በእጁ ሳይዳስስ አያልፍም።